የመምህርት የብርጓል አርባ አንድ ደብተሮች

መምህርት የብርጓል አምባቸው ከአባታቸው ከአቶ አምባቸው መርስዔ ኀዘን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጽጌ አዘዘ በጣና ዳር፣ በቁንዝላ፣ በጥቅምት ወር 1932 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው ዳዊት እንደ ደገሙ፣ ጎረቤቱ ሁሉ “ሴት ልጅ ተምራ ምን ልትሆን ነው?” ሲል አባታቸው ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው ወደ ባሕር ዳር ላኳቸው። ከመምህራን ማሠልጠኛ በ1951 ዓ.ም. ተመርቀው በዚሁ ከተማ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን እንግሊዝኛ ማስተማር ጀመሩ። በ1954 ዓ.ም. ከአቶ አበራ ክንዱ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሸዋዬ አበራን ወለዱ። አቶ አበራ በ1965 ዓ.ም. ስላረፉ ልጃቸውን ያሳደጉት ብቻቸውን ነው።

በቀብራቸው ዕለት እንዲነበብ ይህን ታሪክ የጻፈችው ታናሽ እህታቸው እናትዓለም አምባቸው ናት። እናትዓለም እንግሊዝኛ አታነብም። ያየችውን ግን ታውቃለች፤ ዛሬ የምትናገረውም ያየችውን ነው።

መምህርት የብርጓል የስድስተኛ ክፍል ልጆችን ሥርዓተ ነጥብ የሚያስተምሩት በራሳቸው መንገድ ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ዓረፍተ ነገር ልጆቹ አይተውት ስለማያውቁት በረዶና ባቡር ነውና አይወዱትም። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ፣ “ቤታችሁ ስትገቡ ጆሯችሁን ክፈቱ፤ ሰው የተናገረውን ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ ከአፉ የወጣውን በትምህርተ ጥቅስ እጠሩት” ብለው የቤት ሥራ ይሰጣሉ። አንዱ የአክስቱንና የዶሮዋን ጠብ፣ አንዷ የወንድሟን ጉራ ጽፋ ትመጣለች። እሳቸውም ሲያርሙ እንባቸው እስኪወርድ ይስቁ ነበር።

በ1970 ዓ.ም. ግን የየቤቱ ወሬ ተለወጠ። ልጆቹ ምን ያድርጉ? አትቀንሱ ተብለዋልና አልቀነሱም። የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ የሆነው አንዱ፣ አባቱ “ዛሬም ሦስት ልጅ መንገድ ላይ ተጥሎ አየሁ” ብሎ ማልቀሱን ጻፈ። የነጋዴው የአቶ ኑርሑሴን ልጅ ጀሊላ ደግሞ፣ አባቷ “የቀበሌው ስኳር ከሊቀመንበሩ ዘመድ አያልፍም” ማለታቸውን አንዲት ነጥብ ሳትስት አሰፈረች። መምህርት የብርጓል አርባ አንዱን ደብተር ቤታቸው ተቀምጠው ሲያርሙ ፈገግታቸው ጠፋ። ያስተማሩት ሥርዓተ ነጥብ የአርባ አንድ ቤት ምስጢር መዝገብ ሆኖ አገኙት።

ማክሰኞ ዕለት የቀበሌው ካድሬ ትምህርት ቤት መጥቶ ደብተሮቹን ጠየቀ። ከልጆቹ አንዱ ዘመዱ ነበርና ስለ ቤት ሥራው ሰምቷል። የካድሬውን ስም እዚህ ወረቀት ላይ ማስፈር ለእሱ ክብር መስጠት ስለሚሆን አይጻፍም። መምህርት የብርጓል “አርሜ ስላልጨረስሁ ለነገ ይሁን” ብለው ቀን ለመኑ። በዚያ ቀን እናትዓለም ከቁንዝላ ያመጣችውን ጤፍ ሸጣ እህቷ ቤት አርፋ ነበር። አርባ አንዱን ደብተር በባዶው ስልቻዋ ከትተው፣ “ጎተራሽ ውስጥ ቅበሪው፤ እኔ ብሞትም አታውጪው” ብለው በቁንዝላ ጀልባ ሸኟት።

በማግሥቱ ለልጆቹ ሁሉ አንድ አንድ ወረቀት አድለው አንድ ዓረፍተ ነገር አስጻፏቸው። ካድሬው መጥቶ ቢያስነብብ አርባ አንዱም ወረቀት “አባቴ፣ ‘ደህና እደሩ’ አለ” ይላል። “የዚህ ከተማ አባት ሁሉ ከዚህ ሌላ ቃል አያውቅም?” ብሎ ጮኸባቸው። እሳቸውም “በዚህ ዘመን ምን ሌላ ይናገራል?” አሉት። ለዚህ መልሳቸው አሥራ አንድ ወር ታሰሩ። ውስጥ እግራቸው ተገረፈ፤ ደብተሮቹ የት እንዳሉ ግን አልተናገሩም።

አሁን ደግሞ ስለ እናንተ ስለ ከተማው ሰዎች ይነገር። በዚያው ሳምንት አቶ ኑርሑሴን ታሰሩ። ያችኑ የስኳር ነገር በሱቃቸው ደጃፍ በተሰለፈ ሰው ሁሉ ፊት መናገራቸውን ያልሰማ አልነበረም። ከሰልፈኛው ማን ነገረባቸው ብሎ መጠየቅ ግን ያስፈራል፤ ባሏ የሞተባትን መምህርት መጠርጠር ቀላል ነው። ደብተሮቹ ለልጆቹ ስላልተመለሱ “ለካድሬው ሰጥታቸው ነው፤ ወረቀቱ ማስመሰያ ነው” ተባለ። መታሰራቸውስ ሲባል “እሱም ለማስመሰል ነው” ተባለ። አሥራ አንድ ወር እየተገረፈ የሚያስመስል ሰው ማን አይቷል?

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሳቸው ጆሮ ግን ሁሉን ሰምቷል። ገበያ ሲገቡ ሴቶች ወሬ ያቋርጣሉ። የሸዋዬ ሠርግ ላይ የተጠራው ሰው ግማሹ ቀረ። አቶ ኑርሑሴን ከሁለት ዓመት በኋላ ቢፈቱም ሰላምታቸውን አልመለሱላቸውም። መምህርት የብርጓል ወደ ክፍላቸው ቢመለሱም እስከ መጨረሻው ዓመታቸው የድርሰት የቤት ሥራ ሰጥተው አያውቁም፤ ከመጽሐፉ በረዶና ባቡር መካከል ነጠላ ሰረዝ ብቻ ያስጨምሩ ነበር።

እናትዓለም ስንት ጊዜ “አውጥቼ ላሳያቸው” ብላ ለመነች። “የእኔ ስም የሚነጻው የልጆቹ አባቶች ተለቅመው ከሆነ ይቅርብኝ፤ ሆዴ ይፍጀው” ይሏት ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ እያንዳንዳችሁ ፊታችሁን ስታዞሩባቸው የነበረው በእሳቸው ዝምታ ቤታችሁ ተኝታችሁ እያደራችሁ ነው። ይህ ያስቆጣል፤ እናትዓለምም ቁጣዋን አትደብቅም።

መምህርት የብርጓል ከእስር ቤት ይዘውት በወጡት የኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ሰኔ 4 ቀን 1983 ዓ.ም. በ51 ዓመታቸው ዐረፉ። ያ ዘመን ማለፉን በሕይወት ሳሉ ሰምተዋል፤ ከአልጋቸው ላይ ሆነው ለእናትዓለም የተናገሩት የመጨረሻ ቃልም “አሁን መልሽላቸው” የሚል ነው። ልጃቸውን ሸዋዬን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና እህታቸውን ትተው አልፈዋል። የሰውን ምስጢር በሆዳቸው እንዳኖሩ አምላክ ነፍሳቸውን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን።

ከአስከሬናቸው ራስጌ ያለው ስልቻ ያው ስልቻ ነው። በየሽፋኑ ላይ ስማችሁ ስላለ ከቀብሩ በፊት እየመጣችሁ ውሰዱ። ጀሊላ ኑርሑሴን፣ ያንቺ ከላይ ነው። እናትዓለም እንግሊዝኛ ባታነብም ቁጥር ታውቃለች፤ መምህርትሽ በቀይ ቀለም ዐሥር ከዐሥር ሰጥተውሻል።