ለምን ነዳኸው ላልከኝ

ለወንድሜ ለሃይደር፣ ማልሞ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። እንዴት ነህ ወንድሜ? ወገብህስ እንዴት ሆነልህ? ሳና እንዴት ናት? ፈሂማስ አደገች ወይ? ባለፈው ፎቶ ላይ የፊት ጥርሷ ወልቆ አይቼ ነበር፤ በቀለላት? ያ ብርዳችሁስ አለፈላችሁ? እኛ፣ አላህ ይመስገን፣ አለን። እማ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው የምትሰግደው እንጂ ምላሷም ጆሮዋም ደህና ነው። ራሕማም ደህና ናት፤ ልጃችን ኻሊድ ቁመቱ ወገቤን አልፏል። እኔም ከግንቦት አጋማሽ ጀምሮ ቤቴ ገብቻለሁ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ እስር ቤት እያለሁ ነው። የረመዳን ሁለተኛ ሳምንት ነበር። ራሕማ ማፍጠሪያ ይዛ መጥታ፣ ጠባቂው ፖስታውን ከፍቶ አገላብጦ አየና ከሾርባው ጋር አስገባልኝ። መልስ ሳልጽፍልህ አምስት ወር ስላለፈ ተቀይሞኛል ሳትል አትቀርም። አልተቀየምኩም። ለጠየቅኸኝ ነገር የምመልሰው አጥቼ ነው።

አንተ እኔን ለማጽናናት ብለህ ለማንም ያልነገርከውን ጻፍክልኝ። አምና በበረዶው ጊዜ አውቶቡስህ ተንሸራቶ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ገጭተህ እንደነበር፣ የሰውዬው እግርና ጎድን እንደተሰበረ፣ አንተ ከመሪው ሳትነሳ አምቡላንስ እንደደረሰ። መሥሪያ ቤትህ ደመወዝህን ሳይነካ ሁለት ወር ቤትህ እንዳስቀመጠህ፣ በየሳምንቱ ተቀምጣ የምታዳምጥህ ሴት እንደመደበልህ፣ ሰውዬውም ሲድን ራሱ ስልክ ደውሎ አይዞህ እንዳለህ ነገርከኝ። እንዲያም ሆኖ እንቅልፍ እንደማይወስድህ ጻፍክ። ከታች ደግሞ፣ «እዚህ የፍሬን መብራት ከበራ አውቶቡሱ ከግቢ አይወጣም። አንተ ፍሬኑ እንደደከመ እያወቅህ ለምን ነዳኸው?» አልከኝ።

አብረውኝ የታሰሩት አብዛኞቹ ሾፌሮች ነበሩ። ለአንዳችን ደብዳቤ ሲመጣ ጮክ ብለን ማንበብ ልማዳችን ነበር። ያንተን ሳነብላቸው የምታዳምጥህ ሴትዮ ጋ ስደርስ ሳቁ። አንዱ፣ «ሰው ገጭቶ በደመወዝ የሚያርፉበት አገር!» ብሎ ሳል እስኪይዘው ድረስ ሳቀ። የመጨረሻዋን መስመር ግን አላነበብኩላቸውም። አጥፌ ኪሴ ከተትኳት።

እንግዲህ የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገርህ። እማ በስልክ የነገረችህ ግማሹን ነው።

እነዳት የነበረችው ሚኒባስ የወይዘሮ ሙሉ ናት። ወይዘሮ ሙሉ ባሏ ጦር ሜዳ ቀርቶባት በዚያች መኪና አራት ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት፤ ክፉ ሰው አይደለችም። ረዳቴ ዓለምሰገድ ይባላል። ወያላ ሲባል እንደምታስበው ጎረምሳ አይደለም፤ የድሮው ሠራዊት ሲበተን ባዶ እጁን የተመለሰ፣ አርባውን ያለፈ ወታደር ነው። ከመገናኛ በጉርድ ሾላ አድርገን እስከ ሲ ኤም ሲ እንመላለስ ነበር።

ፍሬኑ ከመስከረም ጀምሮ መላላት ጀመረ። ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ፣ ገበያ ላይ ያለው የፍሬን ሸራ ሁሉ ተመሳስሎ የተሠራ ነው፣ ወር አይቆይልህም አለኝ። እሱኑ አስገጠምን፤ እንዳለውም ወር አልሞላውም። ኅዳር ሲገባ ለወይዘሮ ሙሉ ነገርኳት። «እስከ እሁድ ብቻ ታገሰኝ፣ እሁድ ጋራዥ ትገባለች» አለችኝ። እሺ አልኳት። ይህን የተባባልነው ሐሙስ ማታ ነው።

ዓርብ ጧት ሞልተን ከመገናኛ ወጣን። ጉርድ ሾላ ልንደርስ ስንል፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ከፊቴ የነበረ የጭነት መኪና ድንገት ቆመ። ፍሬን ረገጥኩ፤ እግሬ ወለሉን ነካ። ደግሜ ረገጥኩ። ማርሽ ቀንሼ የእጅ ፍሬን ሳብኩ፤ የእጅ ፍሬኑማ ድሮም ለስሙ ነው። ከኋላዬ አሥራ ሁለት ሰው አለ። መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩ። ቀኙ ባዶ መስሎኝ ነበር። አንዲት ሴት ነበረች።

ገንዘቤ ትባላለች። ያኔ ስሟን አላውቅም። እዚያው ጉርድ ሾላ አንድ ቢሮ ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ ዕድሜዋ ከራሕማ አይበልጥም። ስንደርስላት ነፍሷ አልወጣችም ነበር። ዓይኗን ገልጣ አየችኝና «ሥራ ረፈደብኝ» አለች። ሃይደር፣ ይህን ለፖሊስም ለዳኛም አልተናገርኩም። የጠየቀኝም የለም።

አምቡላንስ ይጠራ ብሎ ያነሳ ሰው አልነበረም። አትክልት የጫነ ፒካፕ አስቁመን፣ ጎመኑን ወደ ጎን ገፍተን አስተኛናት። ሆስፒታል ስንደርስ መጀመሪያ ካርድ አውጡ ተባልን። ዓለምሰገድ ሰልፍ ይዞ ካርድ ሲያወጣ እኔ ራሷን ደግፌ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ከዚያ ጓንትና ግሉኮስ ከውጭ ገዝታችሁ አምጡ አሉን፤ ሮጬ አመጣሁ። ከዚያ ደም ያስፈልጋል ተባለ፤ ዓለምሰገድ እጅጌውን ሰብስቦ ተኛ። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፤ ለስንት በሽተኛ ብቻውን ከክፍል ክፍል ይሮጥ ነበር። በእሱ አልፈርድም። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሞተች። ዓለምሰገድ ገና ደሙን እየሰጠ ነበር።

ያንተ ባለብስክሌት ዛሬ እግሩ ሲቆጠቁጠው ያስታውስህ ይሆናል። ገንዘቤም እናንተ ጋ መንገድ ላይ ብትወድቅ ኖሮ ትነሳ ነበር እላለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ግን እንደዚያ እላለሁ። እዚህ ሰፈር ስለ ውጭ አገር ኑሮ ሲወራ ሰው የሚያነሳው ስለ ቤቱ፣ ስለ መኪናው፣ ስለሚበላው ሥጋ ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው፤ ፎቶ በላክህልን ቁጥር መጀመሪያ የማየው ከኋላችሁ ያለውን ሶፋ ነበር። አሁን የማስበው ከወደቁበት እስከ ሐኪም ድረስ ስላለው ጊዜ ነው። እናንተ ጋ ሰው ሲወድቅ ለእሱ ተብሎ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ነገር አለ፤ ሰው፣ መኪና፣ ደም፣ አልጋ። እኛ ጋ በዚያች ሰዓት ማን በዚያ በኩል ያልፋል የሚለው ነው።

ባሏ ላጲሶ ይባላል። ከሆሳዕና በኩል የመጣ፣ የመጋዘን ጥበቃ ሆኖ የሚሠራ ሰው ነው። ቤታቸው ወደ ጎሮ ገባ ብሎ ከእርሻው ዳር ነው፤ ሣባ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ አለቻቸው። እማ በዚያ ጉልበቷ ሽማግሌ አስከትላ ሦስት ጊዜ ደጁ ሄደች። ሁለቴ መለሳት። በሦስተኛው ራሱ ከሽማግሌዎቹ ጋር እስር ቤት ድረስ መጣ። ከሽቦው ማዶ ቆመ። እግሩ ላይ እንዳልወድቅ ሽቦው አለ። በኋላ፣ «ጫማዬን ልታሰፋልኝ ይዛ ነበር የወጣችው» አለ። ስለ እሷ የተናገረው ይችን ብቻ ነው። ቀጥሎ፣ «ታርቄያለሁ ብዬ እፈርምልሃለሁ። አንተም ልጅ አለህ፤ አንተ ስለታሰርክ ሣባ እናት አታገኝም። ግን በደጄ አትለፍ፤ ልጄ እንድታይህ አልፈልግም» አለኝ። ፈረመልኝ። ፍርድ ቤቱም እርቁን አይቶ ስድስት ወር ፈረደብኝ፤ መንጃ ፈቃዴንም ለሁለት ዓመት ያዘው። ያነሰ ቅጣት ነው ይላሉ። እኔም አንሷል እላለሁ።

ከወጣሁ በኋላ የሆነውን ግን ማንም አልነገረህም። በሳምንቱ መገናኛ ላይ መኪናዋን አየኋት። አፍንጫዋ ተቃንቶ፣ አዲስ ቀለም ተቀብታ ሰው ትጭናለች። ዓለምሰገድ በሩ ላይ ቆሟል፤ ሌላ ሥራ ፈልጎ አጥቶ እዚያው ተመልሷል። ሲያየኝ አንገቱን ደፋ። ሾፌሩን አላውቀውም፤ ረጋ ያለ፣ ጨዋ ሰው ነው። ተጠግቼ፣ ፍሬኑ ተሠራ ወይ አልኩት። «ሁለቴ ሲረገጥ ይይዛል» አለኝ፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው። እኔም በጥቅምት ለዓለምሰገድ ይህንኑ ነበር ያልኩት።

ወይዘሮ ሙሉ ቤት ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ አለቀሰች። መኪናዋ ፖሊስ ግቢ በቆመችባቸው ወራት ትልቁን ልጇን ከትምህርት ቤት አስወጥታ የቀን ሥራ አስገብታዋለች። «ያላስገጠምኩት ሸራ የለም፣ ሁሉም ያው ነው። ከየት ላምጣ? አንተ ንገረኝ!» አለችኝ። ተነስቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ለቆመ አንድ ትራፊክ ነገርኩት። መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ቦሎ በጣቱ አሳየኝና፣ ምርመራ ያለፈች መኪና ናት፣ አንተ ደግሞ ማን ነህ አለኝ። ማን እንደሆንኩ ብነግረው ምን ሊለኝ እንደሚችል ገባኝና ትቼው ሄድኩ።

በማግስቱ ጧት መኪናዋ ሞልታ ልትነሳ ስትል ከፊቷ ቆምኩ። ፍሬን የላትም፣ ውረዱ ብዬ ጮህኩ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋብኝ። ሰዉ በመስኮት ብቅ እያለ ይጮህብኝ ጀመር፤ አንዱ ሰካራም ነው አለ፣ አንዷ ሥራ ልታስባርረን ነው አለች። ከኋላዋ መኪና የሚጠብቀው የሰው ሰልፍ እስከ ድልድዩ ይደርሳል። አንድ ሽማግሌ ከፊት ወንበር ሆነው፣ «ልጄ፣ ነገርህ እውነት ይሆናል። ሌላ መኪና አለህ?» አሉኝ። የለኝም አልኳቸው። «እንግዲያው ዞር በል፣ እንሂድበት» አሉኝ። ከንቀት አልነበረም፤ እንደ አባት ነው የተናገሩኝ። ዞር አልኩላቸው። ሄዱ። ያን ቀን በሰላም ደርሰዋል።

አሁን ጥያቄህን ልመልስልህ። እስር ቤት ሳለሁ ለራሴ የምሰጠው መልስ «ልጄ ምን ይብላ?» የሚል ነበር። ለሾፌሮቹም ለሽማግሌዎቹም ያልኩት ይህንኑ ነው፤ ሁሉም ተቀበለኝ። አንተን ግን ልዋሽህ አልችልም። ያን ዓርብ ቤቴ ውስጥ ዱቄት ነበር። ዘይትም ነበር። ሦስት ቀን ብቀመጥ ማንም አይራብም ነበር። የነዳሁት ሐሙስ ስለያዘልኝ፣ ረቡዕም ስለያዘልኝ ነው። እዚህ ሁሉ ነገር እንደዚያ ነው፤ ድልድዩም፣ የመብራት ገመዱም፣ ሆስፒታሉም ትናንት ይዟል ተብሎ ነው ዛሬ የሚኬድበት። አንተ ከእኔ የተሻልክ ሾፌር አይደለህም ወንድሜ፤ መንዳት ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ነገር ግን አንተ ስትሳሳት በሩን የሚዘጋብህ ሰው አለ። እኔ ያ ሰው አልነበረኝም፤ ራሴ መሆን ነበረብኝ፣ አልሆንኩም። መልሴ ይኸው ነው። ፈራጅ አንተ ነህ።

ጉዳዩ ሲያልቅ ወደዚያ እንድመጣ ወረቀት እጀምራለሁ ብለሃል። አልፈልግም ብዬ አልዋሽህም። ራሕማ ይህን መስመር ካነበበች ወዲህ የኻሊድን ጫማ እንኳ ከፍ አድርጋ አትገዛም፣ እዚያ ይገዛለታል እያለች። ግን እሱን ለጊዜው አቆየው። በፊት የምፈልገው ሌላ ነው። ትክክለኛ የፍሬን ሸራ፣ የአራቱንም ጎማ፣ ከእውነተኛው ፋብሪካ የወጣውን ገዝተህ ላክልኝ። በፖስታ ቢሆን ይቆያልና የሚመጣ ሰው ፈልግ። አሁን አንድ ጋራዥ ውስጥ ዕቃ እያጠብኩ ነው የምውለው፤ መካኒኩ ያለ ክፍያ ሊገጥምልኝ ቃል ገብቷል። ወይዘሮ ሙሉም መኪናዋን አንድ ቀን እንድታቆምልኝ አስምያታለሁ። እንዳትሳሳት ብዬ የአሮጌውን ቅርጽ በዚህ ወረቀት ጀርባ ላይ ዙሪያውን በእርሳስ ስዬልሃለሁ፤ ልኩ ሳይበዛ ሳያንስ ይኸው ነው። መቀጠኑን አትይ፣ ተበልቶ ነው። አዲሱ የጣት ያህል ይወፍራል።

እማ አንድ ሺህ ጊዜ ስማሃለች፤ ዱዓ ላይ ስምህን ከእኔ አስቀድማ ነው የምታነሳው። ራሕማ ለሳና ሰላም በልልኝ ብላለች፤ የላከችላትን ሹራብ እማ ወስዳባታለች። ኻሊድ ለፈሂማ የሳለው ሥዕል አብሮ አለ፤ እሱ ቀጭኔ ነው ይላል። ፈሂማን ግንባሯን ሳምልኝ። አንተም የሚያዳምጥህ ሰው ካለ መሄዱን አትተው፤ እነዚያ ሾፌሮች ስለሳቁ አይክፋህ፣ ከሳቁ በኋላ ሌሊቱን ሁላችንም ሳንተኛ እናድር ነበር።

ዓለምሰገድም ሰላም ብሎሃል፤ አያውቅህም፣ ግን ደብዳቤ እየጻፍኩ መሆኑን ነግሬዋለሁ። ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ የእንጨቱን ታኮ ጭኑ ላይ ይዞ ነው የሚቀመጠው፤ ዘሎ ጎማው ሥር ሊወረውረው። በቀን ስምንት ጊዜ። ስለዚህ ቶሎ ላክልን።

ወንድምህ አብዱልገኒ

አዲስ አበባ፣ ጉርድ ሾላ
ሰኔ 14 ቀን 1989 ዓ.ም.