ያረረ ዳቦ ስለመውደዴ

ይድረስ ለምሳሳልሽ እናቴ፤ ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ለማንም ሳትናገሪ ጎንበስ ቀና ትያለሽ? አባባስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ ደህና ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለምሸጥ ግን ጉልበቴን ያመኛል። አመመኝ ብዬ ስጽፍልሽ የመጀመሪያዬ ነውና አትደንግጪ፤ የያዝኩት ወሬ የምሥራች ነው።

እዚህ ዳቦ ቤት ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ዳቦ ይሰጠናል። እኔ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ የማነሳው ያረረውን ነበር። ማንም እንዳይከፋው ብዬ፣ እኔ እንዲያውም ያረረ ነው የምወደው እያልኩ እስቃለሁ። ስሜም ሳቂታ ሆኖ ቀረ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያረረ ዳቦ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል።

ያ ዝምተኛ ያልኩሽ ጋጋሪ ግን ቃሌን አመነ። ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ አንዲት የጠቆረች ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ያቀብለኛል። እኔም ዓይኑ እያየ እየቆረጠምኩ እጅህ ይባረክ እለዋለሁ። ባለፈው ሰኞ ዱቄት በዱቄት እንደሆነ አጠገቤ መጣና፣ ካገባሽኝ ዕድሜ ልኬን በየጠዋቱ አንዳንድ ዳቦ አሳርርልሻለሁ አለኝ። ለካ ዳቦዋ በስህተት አልነበረም የምታርረው! ለእኔ ሲል ምድጃ ውስጥ እያስቆያት፣ በዚሁ ሰበብ ከአለቃችን ጋር ሲጨቃጨቅ ኖሯል።

እማዬ፣ ጨነቀኝ። እሺ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን እንዲህ የሚወደኝን ሰው ዕድሜ ልኬን ላታልለው ነው? እውነቱን ብነግረው ደግሞ የማጣው መሰለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ያረረ አልወድም፣ ወድጄም አላውቅም አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። ታዲያ ሳቅሽም ውሸት ነው? አለኝ። ሳቄስ የእውነት ነው፣ ውሸቱ ዳቦው ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና በሳቅ ፈነዳ። ሲስቅ ሰምተነው ስለማናውቅ አለቃችን ሳይቀር ምን ተፈጠረ ብሎ ወጣ። ከዚያ ትኩስ ዳቦ ገምሶ ለስላሳውን ሰጠኝና፣ ለማንም ሳታካፍዪ ብዪ፣ ስትጨርሺ መልስሽን ንገሪኝ አለኝ። ፍርፋሪ ሳላስቀር በላሁና እሺ አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ሳቄ እንዲያውም ባሰበት። ሲደክመኝ ደከመኝ ብዬ ቁጭ እላለሁ፤ ቁጭ ብዬም እቀልዳለሁ። ማንም አልተቀየመኝም።

የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ምርቃቱን እንጠብቃለን። ወንድም ጋሼን ሠርጌ ላይ አልጨፍርም ማለት የለም በዪው። ታናሽ እህቴን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። በሰው የላክሽልኝ ዳቦ ደርሶኛል። ልጄ የምትወደው ብለሽ ያረረ ያረረውን ለይተሽ መላክሽ አሳቀኝም፣ አስለቀሰኝም። ያኔ ልጅ ሳለሁ ያረረ እወዳለሁ ያልኩት ለስላሳው ለታናሿ ይትረፋት ብዬ ነበር እኮ። ለሠርጉ ስትመጪ ከመሃሉ አምጪልኝ።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኛ ያደግነው አንቺም ያረረ ነው የምወደው ስትዪን እየሰማን ነው። እውነት ትወጂ ነበር እንዴ?

ሳቂታዋ ልጅሽ
ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ጥቅምት 21 ቀን