የጋሽ አበራ በር

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ልምምድ ጀመርን። አሥራ ስድስት ልጅ መጣ። አምና ሃያ አራት ነበሩ... ስምንቱ ሰፈራቸው ለመንገድ ሲነሣ ከነቤተሰባቸው ሄደዋል። ገሚሱ አያት ኮንዶሚኒየም ገብቷል፣ ገሚሱ የት እንደገባ እንኳ አላውቅም። የቀበና ታዳጊዎች የገና ቡድን ነን እንግዲህ። ከቀበና የቀረን ስሙ ሳይሆን አይቀርም።

ዱላዎቹን አየሁ። ሁለቱ ተሰንጥቀዋል። ሩርም ያለችን አንዲት ብቻ ናት፤ እሷ ገደል ከገባች ድንጋይ ልንለጋ ነው። በሌላው ዓመት ይሄን ሁሉ የሚጨርሱት ጋሽ አበራ ነበሩ። እንጦጦ ወጥተው፣ ጫፉ ከተፈጥሮው ቆልመም ያለ ወይራ መርጠው ገዝተው፣ ልጠው፣ በየልጁ ቁመት ቆርጠው... የኛ ሥራ መጫወት ብቻ ነበር።

ልምምዱ ደህና ነው። ግን ጭር አለብኝ። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዱ ሰውዬ ናቸው፤ ድምፃቸው ከክላክሱ ይብሳል። ሜዳው ዳር ቢጫ ጀሪካን ደፍተው ይቀመጡና «ማርሽ ቀይር አንተ!» «ፍሬን የለሽም እንዴ አንቺ!»... እኔን ደግሞ፣ በአርባ አንድ ዓመቴ፣ አሠልጣኟን፣ በልጆቹ ፊት፦ «ሥርጉት! ጉልበትሽን እጠፊ!» ስንቴ ተናድጄባቸዋለሁ። ዛሬ ማንም አልጮኸም። ውሃ የሚያቀብለን ባለ ሱቁ ቀነኒሳ እንኳ «ምነው ልቅሶ ቤት አስመሰላችሁት?» አለኝ።

እሳቸውም ቤታቸው ለመንገዱ ፈርሶ አያት ገብተዋል፤ መስከረም ላይ ስደውልላቸው «እመጣለሁ፣ እመጣለሁ» ብለውኛል። ይመጣሉ። ከአያት እዚህ ምን አላት...

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4

ተሸነፍን። ሦስት ለአንድ። አንዷን ያገባችው አምበላችን ዳርቱ ናት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከእንጦጦ በእግሯ ወርዳ፣ ተጫውታ፣ በእግሯ ትወጣለች። ደከመኝ ስትል ሰምቻት አላውቅም።

ዱላ ስንሰበስብ ጠጋ አለችኝ።

«ቲቸር፣ ጋሽ አበራ ዛሬም አልመጡም?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! እኔ ጠባቂያቸው ነኝ?»

ደነገጠች። ምን አደረገችኝ ልጅቷ? ኋላ ቆጨኝ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 5

ልደውል ስልኩን አነሣሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። እሳቸውስ መደወል አይችሉም? ጣት የላቸውም?

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በፈረሰው ሰፈር በኩል መጣሁ። ሰፊ መንገድ ሆኗል። ዛፍ ተተክሎበታል፣ ሰው ፎቶ ይነሣበታል፣ ያምራል፤ አልዋሽም። የጋሽ አበራ በር የነበረው ከመብራቱ ምሰሶ አጠገብ ይመስለኛል። አረንጓዴ የቆርቆሮ በር... ወይስ ከምሰሶው ወዲያ? ሃያ ዘጠኝ ዓመት የተመላለስኩበትን በር ቦታው ጠፋኝ!

መጀመሪያ ያገኙኝ እዚያ በር ላይ ሳለቅስ ነው። አሥራ ሁለት ዓመቴ። ወንዶቹ «ሴት ገና ትጫወታለች እንዴ?» ብለው አባረውኝ። ጋሽ አበራ ገቡና አንድ ዱላ ይዘው ወጡ። «ሩሯ ማን እንደመታት ታውቃለች እንዴ? ነይ።» በቃ። ምክር የለ፣ ንግግር የለ።

አሁን ልጻፈው። ማንም አያነበው... ሰኔ ላይ ዕቃቸው የተጫነ ቀን አልሄድኩም። ተማሪ እየፈተንኩ ነበር አልኩ። እውነት ነው፣ ነበርኩ። ግን ፈተናው ስድስት ሰዓት ላይ አልቋል፤ የጭነት መኪናው የወጣው አሥር ሰዓት ነው አሉ። የኔ ቤት ከመንገዱ ወዲህ ሆኖ ተረፈ፣ የሳቸውን መንገዱ ወሰደው። በምን ዓይኔ ልያቸው? ትምህርት ቤት፣ መምህራን ክፍል ተቀምጬ የታረመ ወረቀት ደግሜ አረምኩ። ከዚያ ወዲህ ዛሬ ነገ ስል ይኸው ስድስት ወር። እኔ ሳልሄድ እሳቸው አልመጡም ብዬ እቆጣለሁ። ጉድ እኮ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 18

አሸነፍን! ሁለት ለዜሮ! ሁለቱንም ዳርቱ። ቀነኒሳ የውሃውን ሳጥን ጥሎ ሜዳ ውስጥ ገባ፤ ዳኛው በልመና ነው ያስወጣው።

ደስ ሲለኝ ወደ ዳር ዞር አልኩ፤ ልማድ ነው። ልጆቹ ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ ቢጫ ጀሪካን ደፍተዋል። ማንም አይቀመጥበትም። ጨዋታው ሲያልቅ አንሥተው ይዘውት ሄዱ።

ናፈቁኝ። ይኸው ጻፍኩት። በጣም ናፈቁኝ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 29

ገና። ፍጻሜውን ተሸነፍን። ሁለተኛ ነን።

አምስት ጨዋታ፣ ሦስት ድል፣ አሥራ ስድስት ልጅ፣ ሁለት ስንጥቅ ዱላ። ማን ያምናል እዚህ እንደርሳለን ብሎ? ደስ ሊለኝ ይገባል፤ ልጆቹማ ሁለተኛነቱን እንደ አንደኛ እየጨፈሩበት ነው የሄዱት። ግን የመጨረሻዋ ሩር... ዳርቱ ስትሮጥ አለፈቻት። ባዶውን መታች። አንድ ሰው «ፍሬን!» ቢላት ኖሮ ትቆም ነበር። እኔ ለምን አልጮህኩም? አፌን ከፍቼ ነበር። የሌላ ሰው ቦታ ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝና ዘጋሁት።

ቅዳሜ፣ ጥር 2

የኮሚቴ ስብሰባ። ደጋፊዎችን እንዴት እናመስግን?

ልማዳችን የታወቀ ነው። ገና ሲያልፍ ቡድኑ ለደገፉን ሰዎች ቤት ለቤት ይዞራል። አምበሉ በሩን በሩር አንዴ ቋ! ያደርገዋል። ባለቤቱ ሲወጣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ዘንድሮም አብረውን ተጫወቱ፤ እግዜር ይስጥልን!» ይላሉ። ይመረቃሉ፣ ቆሎ ይዘገንላቸዋል፣ ወደሚቀጥለው በር ያልፋሉ። ያስጀመሩት ጋሽ አበራ ናቸው። «ሜዳ ድረስ ለመጣልን ሰው ደጁ ድረስ እንሂድለት» ብለው።

ሊቀመንበራችን ሚሊዮን ግን ሌላ አመጣ። ኢንሹራንስ ነው የሚሠራው፤ ከመጣ አምስት ዓመቱ ነው፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ማሊያውንም ያስገኘልን እሱ ነው።

«ሥርጉትዬ፣ ሪያሊስቲክ እንሁን። የቱን በር ነው የምንመታው? ግማሹ በር እኮ የለም። አዳራሽ፣ ሰርተፊኬት፣ ፎቶ፣ ፖስት... አለቀ።»

ሁሉም እሺ አሉ። እኔም እሺ አልኩ። ደክሞኝ ነው? ወይስ አያት መሄድ ፈርቼ?

ቅዳሜ፣ ጥር 9

ፕሮግራሙ ተካሄደ። ኬክ ነበር። ቀነኒሳ ሰርተፊኬቱን ተቀብሎ «አሁን ይሄን ምን ላደርገው ነው?» አለኝ በጆሮዬ። ጋሽ አበራ አልመጡም። ሚሊዮን የሳቸውን በሞተር እልካለሁ አለ።

ሰኞ፣ ጥር 11

ጥምቀት። ታቦት ስሸኝ እንኳ ዓይኔ ሰው ውስጥ እሳቸውን ይፈልጋል።

ረቡዕ፣ ጥር 13

ሰርተፊኬቱ ተመለሰ! ያደረሰው ባለ ሞተር ራሱ መልሶ አመጣው። «አልቀበልም ብለዋል» አለ። ከነፍሬሙ። «ለክቡር አቶ አበራ፣ ላደረጉት የማይተካ ድጋፍ...» ክቡር! እኚያን ሰውዬ ክቡር ብሏቸው የሚያውቅ አለ?

ደወልኩ። ባለቤታቸው እትዬ ሒሩት አነሡት።

«ሥርጉትዬ! ምነው እንዲህ ጠፋሽ ልጄ?»

«እትዬ፣ ጋሼ ተቀይመውኛል?»

 ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ «እንዳትነግሪያት ብሎ አስምሎኛል... ጉልበቱ እምቢ ብሎታል። አራተኛ ፎቅ ነው ያለነው። ከነሐሴ ወዲህ መሬት አልረገጠም። ቅዳሜ አራት ሰዓት ሲሆን በረንዳ ላይ ይወጣና ወደ እንጦጦ ዞሮ ‹አሁን ጀመሩ› ይለኛል።»

እግዚኦ። መስከረም ላይ «እመጣለሁ» ሲሉኝ መውረድ አይችሉም ነበር ለካ።

ከኋላ ያ ድምፅ መጣ። ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት።

«ማናት? እሷ ናት? የፈረሰው የቤቴ በር ነው በያት! እኔ አልፈረስኩም!»

ተዘጋ። ወጥ ቤት ሄጄ አለቀስኩ። ስጨርስ ለሚሊዮን ደወልኩ። እሑድ በር እንመታለን አልኩት። «የት?» አለ። አያት!

እሑድ፣ ጥር 17

አሥራ ስድስቱም መጡ። ሚሊዮንም መጣ፣ በነጭ ጫማው። መገናኛ ባቡሩ ጋ ጥበቃው አገደን።

«ይሄ ሁሉ ዱላ ምንድነው?»

«የገና ዱላ ነው» አልኩት።

«ገናማ አለፈ እኮ!»

ዳርቱ ቀደመችኝ። «አዎ፣ ግን ያላመሰገንነው ሰው አለ።» ሰውየው እሷን አየ፣ ዱላውን አየ። አንድ ላይ እሰሩት አለና አሳለፈን። በሻርፗ እንደ እንጨት ሸክም ጥፍር አድርጋ አሰረችው፤ ሚሊዮን ተሸከመ።

አራተኛ ፎቅ። የብረት በር። ዳርቱ ሩሯን ቋ! ስታደርገው ደረጃው ሁሉ አስተጋባ፤ ሦስት ጎረቤት በሩን ከፍቶ ወጣ። እትዬ ሒሩት ሲከፍቱ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ምስጋናቸውን አሉ። ውስጥ ወንበር ላይ ናቸው። ከስተዋል። ፊታቸውን ወደኛ አላዞሩም።

«ሰርተፊኬት ከሆነ የምሰቅልበት ግድግዳ የለኝም።»

ገብቼ እግራቸው ሥር ተንበረከክኩ። «ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ። ዕቃ የተጫነ ቀንም አልመጣሁም። ፈተናው በጊዜ አልቆ ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ሹፌሩን እስከ አሥር ሰዓት ያቆየሁት ማንን ስጠብቅ መሰለሽ?»

   አልመረቁንም። እትዬ ሒሩት ቆሎውን ዘገኑልን፤ ደረጃውን ወረድን። አለቀ አልኩ በሆዴ። አጣኋቸው።

ታች ሕንጻዎቹ መሀል ሰፋ ያለ ሜዳ አለ። ዳርቱ ሸክሙን ፈታች። «ቲቸር፣ አንዴ እንጫወትላቸው?» አያት የገቡት ልጆች፣ የኛዎቹ የነበሩት፣ ድምፅ ሰምተው እየሮጡ መጡ። ሰው ጎደለ ብለው ለኔም ዱላ ሰጡኝ። ዳርቱ ሩሯን ይዛ በረረች። ሩሯ ቀረች፣ እሷ አለፈች...

«ፍሬን! ፍሬን የለሽም እንዴ አንቺ!»

ሁላችንም ቀጥ አልን። አራተኛ ፎቅ፣ በረንዳው ላይ፣ በሁለት እጃቸው ብረቱን ይዘው ቆመዋል። ሩሯ እኔ እግር ሥር መጣች። ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ አላያትም።

«ሥርጉት! ምን ትገተሪያለሽ? ጉልበትሽን እጠፊ!»

አጠፍኩ።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ልምምድ በአራት ሰዓት፣ አያት። ሃያ አንድ ልጅ። ከእንግዲህ አንዱን ቅዳሜ ቀበና፣ አንዱን እዚህ ብለናል። ቀነኒሳ ውሃውን በባቡር ይዞ መጣ። ጀሪካኑን ሚሊዮን በረንዳው ላይ አውጥቶ ደፋላቸው።

ጋሽ አበራ ዛሬ ሁለት ጊዜ ሰደቡኝ። እግዚአብሔር ይመስገን።