ያቺን ሴት ማን ያወራልናል?

ለጌታዬ ለደምሴ፤

ከተለየኸኝ ክረምቱ አልፎ መስከረም ጠባ። በሕይወት ሳለህ አንቱ እልህ ነበር፤ ዛሬ ግን አኩርፌሃለሁና አንተ ብልህ አትቀየመኝ።

በቅሎህን ወንድምህ ወስዷታል። ጣራው ያፈስሳል። ልብስህን እንደ ወጉ ለነዳያን ሰጠሁ፤ ጫማህን ግን እጄ እምቢ አለኝ። በባቡር ወደ አዋሽ ልትሄድ በተነሣህ ቁጥር አንዱን እግር ደብቄ፣ ቤቱን ስታተራምስ እስቅብህ አልነበር?

ያኮረፍኩህ በለቅሶህ ቀን ነው። ከሞጆ መጥታ እዚህ ናዝሬት የከተመችው ጠጅ ሻጭ ደረቷን እየደቃች «ያቺን ሴት ከእንግዲህ ማን ያወራልናል!» ስትል ሰማሁ። የቷን ሴት? ጓደኞችህን ብጠይቅ ተያይተው ሳቁ። አንዱማ ስለ እርሷ ስታወራ ዓይንህ እንባ ያቀርር እንደነበር ነገረኝ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ አልኩ። እውነት ሆኖ ካገኘሁት ዓመት ሳይሞላ ከሌን አውልቄ እንደምጥል ማልኩ።

ሴትዮዋ የሲኒማ ሴት ናት አሉኝ። በጣቢያው መጋዘን፣ አቡጀዲ ላይ የሚታየውን ድምፅ የሌለው ሥዕል የፈረንጅ ጽሕፈቱን እያነበብክ ለሰዉ በአማርኛ የምታወራው አንተ ነበርክ። እኔን የንስሐ አባታችን የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ከልክለውኝ አንድ ቀንም አልሰማሁህም። የሲኒማ ሴት መሆኗንም አላመንኩም፤ በእርሷ አሳብበህ ጠጅ ሻጯን የምታሞግስ መሰለኝ።

ያቺ ሴት ያለችበት ሥዕል ሰሞኑን ሲመለስ ከሌን እንደለበስኩ መጋዘኑ ገባሁ። ብረት የለበሰ ፈረሰኛ ሊዋጋ ይነሣል፤ እመቤቲቱ መቀነቷን ክንዱ ላይ ታስርለታለች። ጠጅ ሻጯን ትመስል እንደሆነ ፊቷን መረመርኩ። አትመስልም። አዲሱ ተርጓሚ «ተሰናበተችው» ብሎ ሊያልፍ ሲል ሰዉ ጮኸበት።

«ጫማውስ? የብረት ጫማውን ሳትደብቅበት!»

ጽሕፈቱ እንዲህ አይልም ቢል ማን ሰምቶት! ጠጅ ሻጯ ከፊት ተነሥታ «ደምሴ እኮ ደብቃ ትስቅበታለች ይለን ነበር!» አለች። ያን ሁሉ ጊዜ ለናዝሬት ሰው ስታወራ የኖርከው እኔን ነው።

ከሌን አላወልቅም። ግን አንድ ነገር አሁንም ሆዴን ይቆረቁረዋል፦ የሞጆዋ ሴት ያን ያህል ደረቷን የደቃችው ለፈረሰኛው ነው ወይስ ለአንተ? ስመጣ ትነግረኛለህ። እስከዚያ ድረስ አልረሳህም። የግራ እግር ጫማህን ራስጌዬ ደብቄዋለሁ፤ ያለ እርሱ የት ትሄድብኛለህ?

ሚስትህ አስካለ