ክንፍ ካወጣች በኋላ

ጥቅምት 20 ቀን 2007
ገበያ የለም። ድሪያ ቀሚስ የሚገዛ ሰው ሰፈራችንን ካርቲየ 2ን የረሳው ይመስላል። ከቀትር በኋላ ከተማው ጫቱን ይዞ ቤቱ ሲገባ እኔም ሱቄን ዘግቼ ተኛሁ። ማታ ድሬዳዋ ደወልኩ። ልጄ ተቅዋ አነሳች። "ደህና ነኝ አባ። እማዬን ልስጥህ?" በቃ... ሁልጊዜም ይኸው ነው።

እናቷ ሩቅያ ልጅቷን ይዛ ድንበር ተሻግራ አገር ቤት ከሄደች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። ሙቀቱን አልቻልኩትም ነው ያለችው። ወይስ እኔን ነው ያልቻለችው? ከአሥራ አራት ዓመት ልጅ ጋር ምን ይወራል? ማን ይጠየቃል?

ጥቅምት 23
ከሱቁ ደጃፍ ያለው የሪሃን ተክል ላይ አንድ አረንጓዴ ፌንጣ ተቀምጧል። ጣት ያክላል። የፊት እጆቹን አጥፎ ደረቱ ላይ ይዟል። ጎረቤቴ ጀዋሪያ ሳምቡሳዋን ትታ መጣች። "ወላሂ ቂብላ ነው የዞረው። እንዳትነካው፣ እየሰገደ ነው።" እውነትም ወደ ሰሜን ዞሯል። በሚሰግድ ሰው ፊት አይታለፍም... ቀኑን ሙሉ በጎን እየዞርኩ ስገባ ስወጣ ዋልኩ።

ጥቅምት 24
ለተቅዋ ነገርኳት። ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው?

"አባ፣ ሶላት ላይ አይደለም፣ አደን ላይ ነው። ፌንጣም አይደለም። ዘመዶቹ በረሮና ምስጥ ናቸው።"

በረሮ... ለበረሮ ዘመድ ነው መንገድ ስለቅ የዋልኩት። የባዮሎጂ መምህሯ ገብረኪዳን፣ አንድ የነፍሳት ዓይነት መርጣችሁ ከነክፍሎቹ አጥኑ ብሏቸዋል። ፎቶ ላክልኝ አለች። የኔ ስልክ ከመደወል ሌላ አያውቅም። "እንግዲያው በአፍህ ሳልልኝ።" ዛሬ እማዬን ልስጥህ አላለችም።

ጥቅምት 26
በርጩማ አውጥቼ ሪሃኑ ፊት ተቀመጥኩ። ጭንቅላቱ ሦስት ማዕዘን ነው። እንደ ሰው ወደ ኋላ ዞሮ ያያል፤ አየኝም። ሁለት ትልልቅ ዓይኖች፣ በመሃላቸው ሦስት ነጥብ። ነጥቦቹም ዓይን ናቸው አለች ተቅዋ በስልክ። እጆቹ በውስጥ በኩል እንደ መጋዝ እሾህ አላቸው። ክንፎቹ ላይ ግራና ቀኝ ነጣ ያለ ምልክት።

"ሆዱን ከሥር ቁጠርልኝ። ስምንት ክፍል ከሆነ ወንድ፣ ስድስት ከሆነ ሴት።" ስልኩን በትከሻዬ ይዤ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ መሬት ልነካ ጎንበስ አልኩ። ጀዋሪያ ከማዶ "ከይረዲን፣ ደህና ነህ?" አለች።

ስድስት። ለካ ሴት ናት።

ጥቅምት 30
ስም ተገኘላት። ገብረኪዳን መጽሐፍ አገላብጦ ነው፦ ስፎድሮማንቲስ። እኔም ተቅዋም በአንድ ትንፋሽ ልንለው ሞክረን አቃተን። ብዙ አስተማረችኝ ዛሬ። ሲያድጉ ቆዳቸውን እየጣሉ ነው አለች። ጆሮዋ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ያውም ደረቷ ላይ፣ በእግሮቿ መሃል። እኔ ሁለት ይዤ ስንት ወር ሥራ ፈትተው ከርመዋል። ደስ ብሎኝ ልተኛ ነው።

ኅዳር 4
ሞታ አገኘኋት። ከሪሃኑ ሥር፣ በጎኗ። ጉንዳን ጀምሯታል።

ምን ብዬ ልደውል?

ኅዳር 5
ከጁምዓ ስመለስ ደወልኩ። "እንዴት ናት?" ደህና ናት አልኩ። "ምን በላች?" ዝንብ... አፌ እንዴት ፈጠነ?

ኅዳር 9
"ዛሬስ ምን አደረገች?" የሰሞኑ ትምህርቷ ትዝ አለኝ። ቆዳዋን ቀየረች አልኩ።

 

"አባ፣ ክንፍ ካወጣች በኋላ ቆዳ አትቀይርም። ልጅ ሆነው ነው የሚቀይሩት።" ...ክንፏን ራሴ ነኝ የነገርኳት። "ሞታለች?" አዎ አልኩ። "መቼ?" ሐሙስ። የቤት ሥራ አለብኝ ብላ ስልኩን ለእናቷ ሰጠቻት። ሩቅያ "ልጅቷን ምን ብለሃት ነው?" አለች።

ኅዳር 14
አልደወልኩም። በምን አፌ? ሪሃኑን ውሃ አጠጣሁ። ጀዋሪያ "ሰጋጅህ የት ሄደ?" አለችኝ። አገሩ ገባ አልኳት።

ኅዳር 17
ሱቅ ልዘጋ ስል ስልኩ ጮኸ። የድሬ ቁጥር። ተቅዋ... በራሷ ደውላልኝ አታውቅም።

"እሷ ስለሞተች ነው የማትደውለው?"

ስለዋሸሁሽ አፍሬ ነው አልኩ።

"እኔም እኮ የገብረኪዳንን የቤት ሥራ ካስገባሁ ቆይቻለሁ። እሷ ሳትሞት በፊት።"

ታዲያ ለምን ትጠይቂኝ ነበር?

"አንተስ ለምን ትዋሸኝ ነበር?"

ሱቁን ሳልዘጋ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ።  ከዚያ እሷ፣ "ምን አዲስ ነገር አለ?"

ምንም የለም አልኩ። ከመክፈትና ከመዝጋት በቀር ምንም የለም።

"እሱኑ ንገረኝ።"

ከሙቀቱ ጀመርኩላት፤ ሰሞኑን ቀነስ ብሏል።