የሥራ አስኪያጁ በር ላይ ያረፈችው ነጥብ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

እንዴት ከርመሃል አባዬ? ወገብህስ የስፌት መኪናው ላይ ማጎንበሱን እንዴት ቻለው? ሳልህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም እማዬን እንቅልፍ ይነሳታል? እኔ ናፍቆታችሁ ካልሆነ በቀር አንዳች አልጎደለብኝም፤ ሥራዬም እስካሁን በእጄ ነው። “እስካሁን” ያልኩበትን ምክንያት ልንገርህ።

ደንበኞችህ ልጅህ ምን ትሠራለች ሲሉህ “ካርታ ላይ ናት” ብለህ እንደምታልፋቸው ጽፈህልኝ በሳቅ ፈረስኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ መሥሪያ ቤታችን ከተማውን ከሰማይ ያነሳው ትልቅ ፎቶ አለው። ቧንቧ ሲፈነዳ ቦታው በካርታ ቁጥር ይነገረናል። የእኔ ፕሮግራም ያን ቁጥር ወደ ፎቶው ፒክስል ይለውጣል፤ ፒክስል ማለት ፎቶው የተሠራበት ደቃቃ ባለ ቀለም ካሬ ነው። እዚያ ላይ ቀይ ነጥብ ታርፋለች፣ ቆፋሪዎቹም እሷን አይተው ይሄዳሉ።

ጨርሼ ስሞክረው የገዛ ቢሯችንን ቁጥር ሰጠሁት። ነጥቧ ጣሪያችን ላይ ቁጭ! ተጨበጨበልኝ። ፊታቸው ለፈገግታ ተፈትቶ የማያውቀው ሥራ አስኪያጃችን እንኳ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ስለሆነ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሰሜን በኩል አንድ ትምህርት ቤት አጠገብ ቧንቧ ፈነዳ። ፕሮግራሜ ነጥቧን ወስዶ በደቡብ፣ አንድ ሰማያዊ በር ፊት ጣላት። በሆዱ የተነሳ ጎማው የምንለው የቆፋሪዎች አለቃ ሄዶ ቆፈረ። መሬቱ ደረቅ ነው። ነጥቧ እዚህ ካለች ውሃው ከሥር ነው ብሎ ጨመረበት። አባዬ፣ ያ በር የሥራ አስኪያጃችን የግቢ በር ነበር።

ጠዋት ለጸሐፊያችን ከእሳቸው መልእክት ገባ፤ “በሬ ጉድጓድ ውስጥ ሊገባ ነው፤ ቶሎ ድረሱ” ይላል። ደግ ሴት ናትና ክው አለች። ከብት እንዳላቸው አላውቅም ነበር ብላ ለእንስሳት ሐኪም ደወለች። ሐኪሙ ገመድና መርፌውን ይዞ፣ እኛም ተከትለነው ስንደርስ፣ ሥራ አስኪያጁ ያዘመመ በራቸውን በትከሻቸው ደግፈው ቆመዋል። ሐኪሙ በትሕትና ሰላም ብሎ በሬዎ ወዴት ነው አላቸው። እሳቸውም አታይም እንዴ፣ ይኸው ደግፌዋለሁ ብለው ጮኹ።

ሁሉም ሲስቅ እኔ ፎቶውን ዘረጋሁ። ትምህርት ቤቱ ከላይኛው ጠርዝ የሚርቀውን ያህል ይህ በር ከታችኛው ይርቃል። የካርታ ቁጥር ወደ ሰሜን፣ ማለትም ወደ ላይ ሲሄዱ ያድጋል፤ ፒክስል ግን ከላይ ተጀምሮ ወደ ታች ነው የሚቆጠረው። ከፎቶው ላይኛ ጠርዝ ቁጥር ላይ የቦታውን ቀንሼ፣ አንድ ፒክስል በሚሸፍነው ሜትር ማካፈል ሲገባኝ ከታችኛው ጠርዝ ጀምሬያለሁ። አንተ ከወገብ ወደ ታች የምትለካውን የሱሪ ኪስ ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ ብትለካው እንደማለት ነው፤ ኪሱ ካልሲ አጠገብ ይሰፋል። ቢሯችን ግን ፎቶው እምብርት ላይ ስላለ ከላይም ተቆጠረ ከታች ያው ነው። ያታለለኝ እሱ ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ትክ ብለው አዩኝና ታዲያ ውሃው የት ነው አሉ። መኪናቸው ከጉድጓዱ ወዲያ ታግታ ስለቀረች ሁላችንም በሐኪሙ መኪና ታጭቀን፣ ገመዱ አንገታችን ላይ እየተጠመጠመ፣ ትምህርት ቤቱ ደረስን። ጎማው አንቺ ሳትጀምሪ አካፋ አልነካም ብሎኝ እኔው ቆፈርኩ። ውሃው ተፈናጥሮ ፊቴን አጥቦኝ ሲያልፍ የሥራ አስኪያጁን ከረባት አረሰረሰው።

ፕሮግራሙን በዚያው ዕለት አስተካከልኩ፤ አሁን አራቱንም ማዕዘን ሳልሞክር አላስረክብም። ሻንጣዬን ግን ማሰናዳት ጀምሬ ነበር። ያዳኑኝ የሥራ አስኪያጁ ባለቤት ናቸው። ጉድጓዱ ሊደፈን ሲል እምቢ አሉ። እዚህ ሎሚ ልትከል ባልኩ ቁጥር ቆፋሪ ጠፋ ስትለኝ ኖረህ ይኸው ተቆፈረልኝ ብለው ችግኝ አስገቡበት፤ በሩም ወደ ጎን እንዲዛወር ሆነ። ባላቸውንም ሎሚው እስኪያፈራ ድረስ ያቺን ልጅ እንዳትነካት አሏቸው። ሐኪሙን ብጠይቀው ቢያንስ ሦስት ዓመት ይፈጃል ብሎኛል።

እማዬን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ፤ ስትነግራት የሻንጣውን ነገር ዝለለው። ታላቅ ወንድሜ ብስክሌቴን ለሰው እንዳያውስብኝ ንገረው። አያቴን ጉልበቷን፣ ትንሿን የእህቴን ልጅ ደግሞ የወለቀ ጥርሷን ስፍራ ሳሙልኝ። ለጎረቤታችን ለነርሷም ሰላምታዬ ይድረሳት።

ሁልጊዜ የምትናፍቅህ፣
ሁለተኛዋ ልጅህ

ከውሃ መሥሪያ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ
ጥር 9 ቀን