ክዳኑን የሚያነሳው የለም

ውድ ልጄ፣ አምላክ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ ደግ ሰው አያሳጣሽ። እኔ ደህና ነኝ።

ቅጠሉ ረግፎ ብርዱ ገብቷል። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ቀሚሴን ልታስተካክል ስትለካኝ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ አጥንትሽን ነው እንዴ የማለብሰው?» ብላ ተቆጣችኝ። እውነቷን ነው ብዬ የላክሽልንን፣ ቀስ ብሎ የሚያበስለውን የኤሌክትሪክ ድስት አውጥቼ ስጋና ድንች ጣድኩበት።

አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ይሄ ድስት እንቅልፋም ነው!» እያለ በየደቂቃው ክዳኑን ያነሳ ነበር። ሙቀቱ እየወጣ ራታችን ሁልጊዜ ይዘገይ ነበር። ዛሬ የሚከፍተው ስለሌለ በጊዜው በሰለ። ለብቻዬ ማዕድ ስቀርብ ግን ከጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ።

አንቺም ሹራብ ሳትደርቢ አትውጪ። እድሜና ጤና ይስጥሽ፤ መንገድሽን ያቅናልሽ። ከቻልሽ ለራት ስትቀርቢ ደውይልኝ። ወሬ ባይኖርሽም ግድ የለም፤ ስትበይ እየሰማሁ እኔም እጎርሳለሁ።

እናትሽ